ካርቶኑ 600 ይላል፤ ሽቦውስ? የፓወርላይን ፍጥነትን ከተርሚናል ለመለካት የትኛው መንገድ ይሻላል

አዳማ ውስጥ ብዙው ግቢ አንድ ዓይነት መልክ አለው። ከፊት ዋናው ቤት፣ ከኋላ በተርታ የተሠሩ ሰርቪስ ክፍሎች፣ በመካከላቸው የብሎኬት ግድግዳ። ራውተሩ ሳሎን ይቀመጣል። ዋይፋዩ የመጀመሪያውን ግድግዳ ያልፋል፣ ሁለተኛው ላይ ይደክማል፣ ሰርቪስ ክፍል ሳይደርስ ይጠፋል። ኬብል ለመዘርጋት ግድግዳ መብሳት ግድ ነው፤ ቤቱ የኪራይ ከሆነ ደግሞ ከመብሳቱ ይልቅ ባለቤቱን ማስፈቀዱ ይከብዳል። ሰው ወደ ፓወርላይን አዳፕተር የሚዞረው ይህን ጊዜ ነው። አንዱ ራውተሩ አጠገብ ባለው ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ሌላው ከኋላ ክፍል፤ መረጃው መብራቱ በሚሄድበት በዚያው ባለ 220 ቮልት ሽቦ ላይ ተሳፍሮ ይሻገራል። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ቆጣሪ ሥር እስካሉ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

ጥያቄው የሚመጣው ከተሰካ በኋላ ነው። ካርቶኑ ላይ 600 ሜጋቢት በሰከንድ ተጽፏል፤ ከኋላ ክፍል የደረሰውስ ስንት ነው? ለዚህ መልስ የሚሰጡ፣ ወይም የሚሰጡ የሚመስሉ፣ የተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚገባበት የኮምፒውተር መስኮት) ትዕዛዞች ብዙ ናቸው። በየግቢውና በየፔንሲዮኑ ኔትወርክ ስዘረጋ የምጠቀምባቸውን እዚህ አነጻጽራለሁ። ትዕዛዞቹን በድምፃቸው በእኛው ፊደል ጽፌአቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ የሚገቡት በላቲን ትናንሽ ፊደላት ነው። ትልቅ ፊደል የሚያስፈልገው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ እሱን እዚያው እናገራለሁ።

ብዙ ሰው የሚጀምርበት፣ ግን የማይጠቅመው

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው የኢንተርኔት ፍጥነት መፈተሻ ነው። ለተርሚናል የተሠራም አለ፤ «ስፒድቴስት-ሲኤልአይ» ይባላል። ይህ የሚለካው ከቤትዎ እስከ ሩቅ አገልጋይ ኮምፒውተር ያለውን መንገድ በሙሉ ስለሆነ፣ ቁጥሩን የሚወስነው ከመንገዱ ሁሉ የጠበበው ቦታ ነው። የኢንተርኔት ጥቅልዎ 10 ሜጋቢት ከሆነ የግድግዳው ሽቦ 80 ቢያሳልፍም መፈተሻው 10 ይላል፣ 15 ቢያሳልፍም ያው 10 ይላል። ስለ አዳፕተሩ የነገረዎት ነገር የለም፤ በዚያ ላይ ከጥቅልዎ ቀንሷል።

ከዚህ የሚገኝ አንድ ጥቅም አለ። ከኋላ ክፍል ሆነው የሚያገኙት ቁጥር ራውተሩ ሥር ሆነው ከሚያገኙት ጋር እኩል ከሆነ፣ ለኢንተርኔት ሲባል አዳፕተር መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። የደኅንነት ካሜራ ከሌለዎት፣ በክፍሎች መካከል ትልልቅ ፋይል የማይገለብጡ ከሆነ ንባቡን እዚህ ላይ ቢያቆሙ አልቀየምም።

ሁለት ፍጥነቶች

ለሌሎቻችን አንድ ነገር መለየት አለበት። አዳፕተሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ፍጥነት አለ፤ ፋይሉ በተግባር የሚሄድበት ፍጥነት ደግሞ ሌላ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው የመጀመሪያው ነው፤ ያውም ሽቦው እንከን ባይኖረው ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ።

ብዙ የፓወርላይን አዳፕተሮች የሚሠሩበት የሆምፕለግ ኤቪ ደረጃ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ሲወጣ ጣሪያው 200 ሜጋቢት በሰከንድ ነበር። አሠራሩን ማወቅ በኋላ ቁጥሮቹን ለማንበብ ይረዳል። አዳፕተሩ ከ2 እስከ 28 ሜጋኸርዝ ያለውን ክልል ከ900 በላይ ቀጫጭን ንዑስ ሞገዶች ላይ ይከፋፍላል፤ እያንዳንዱ ላይ ስንት ቢት መጫን እንደሚቻል ከወዲያኛው አዳፕተር ጋር ተነጋግሮ ይወስናል። ጸጥ ባለው ሞገድ ላይ ብዙ ይጭናል፣ ጩኸት ባለበት ላይ ጥቂት ወይም ምንም። የዚህ ጭነት ዝርዝር የድምፅ ካርታ ይባላል፤ ካርታው ደግሞ የሽቦው ሁኔታ በተለወጠ ቁጥር እንደገና ይሠራል። ጭነቱ ሲደመር የሚገኘው አካላዊው ፍጥነት ነው። ከዚያ ላይ ስሕተት ማረሚያው ይቀነሳል፣ ተራ መጠበቁ ይቀነሳል፤ ሽቦው አንድ ስለሆነ ሁሉም አዳፕተሮች በተራ ነው የሚናገሩት። ከአካላዊው ፍጥነት ግማሽ ያህሉ ፋይሉ ዘንድ ከደረሰ እኔ ደስ ይለኛል። ከዚያ ያነሰ ማግኘትም አያስደንቅም።

አዳፕተሩን ራሱን መጠየቅ

አካላዊውን ፍጥነት ማወቅ የሚቻለው አዳፕተሩን በመጠየቅ ነው። ለዚህ የምመርጠው «ኦፕን-ፒኤልሲ-ዩቲልስ» የሚባለውን ነጻ የትዕዛዞች ስብስብ ነው። የመጣው ከራሱ ከቺፑ ሠሪ ከኳልኮም አቴሮስ ነው። የትዕዛዞቹ ስም መጀመሪያ ላይ ሰውን ያደናግራል፤ ምክንያቱ የኩባንያዎቹ ታሪክ ነው። ቺፑን የጀመረው ኢንቴሎን ነበር፤ በ2009 አቴሮስ ገዛው፣ በ2011 ደግሞ አቴሮስን ኳልኮም ገዛው። ስለዚህ ለአሮጌው የኢንቴሎን 6000 ቤተሰብ «ኢንት6ኬሬት»፣ ለመካከለኛው 7400 «ኤኤምፒሬት»፣ ከዚያ ወዲህ ለመጡት «ፒኤልሲሬት» አለ። ሥራቸው አንድ ነው።

እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው «ፒኤልሲስታት» ነው፤ «-ቲ» የሚለውን ምልክት እጨምርበታለሁ፣ በ«-አይ» ደግሞ ኬብሉ የተሰካበትን የኔትወርክ በር ስም እነግረዋለሁ። በሽቦው ላይ ያሉትን አዳፕተሮች በሠንጠረዥ ያወጣል፤ የእያንዳንዱን አድራሻ፣ የመላኪያና የመቀበያ ፍጥነት በሜጋቢት፣ በመጨረሻም ቺፑንና የሶፍትዌሩን ቅጂ። ከተርሚናል መልስ እስኪመጣ የሚወስደው ጊዜ ከትንፋሽ አይበልጥም። የሚያስፈልገውም አንድ ላፕቶፕ ብቻ ነው፤ ከወዲያ ማዶ የሚረዳ ሰው አያሻም። ሶኬት ለመምረጥ ከዚህ የሚሻል መሣሪያ አላውቅም። አዳፕተሩን ከአንዱ ሶኬት ነቅሎ ሌላው ላይ ሰክቶ፣ ትንሽ ፋይል ልኮ፣ ሠንጠረዡን ማየት ነው።

ትንሽ ፋይል መላኩን እንዳይዘነጉ። ሥራ ፈተው የቆዩ አዳፕተሮች የድምፅ ካርታቸው ያረጅና ቁጥሩ ከእውነተኛው በጣም ያነሰ ሆኖ ይታያል። ይህን ባለማወቅ ደኅና ዕቃ «ተበላሽቷል» ብሎ የመለሰ ሰው አይቻለሁ።

ሌላው መሰናክል ጥያቄው የሚሄድበት መንገድ ነው። እነዚህ ትዕዛዞች የአይፒ አድራሻ አይጠቀሙም፤ 88ኢ1 የሚል መለያ በያዘ የኢተርኔት መልእክት በቀጥታ ይናገራሉ። ስለዚህ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ በ«ሱዶ» ይጀምሯቸው። መልእክቱ ራውተር አቋርጦ አያልፍም። በዋይፋይ ሆነው ከሞከሩና መልስ ካጡ አዳፕተሩን ከመውቀስዎ በፊት ላፕቶፑን በኬብል ከአዳፕተሩ ጋር ያገናኙ።

በኬብልም ሆኖ መልስ ከሌለ ቺፑ የሌላ ሠሪ ሊሆን ይችላል። ብሮድኮም ቺፕ ያላቸው አዳፕተሮች ለዚህ ስብስብ ጆሮ አይሰጡም፤ ለእነሱ «ፕላ-ዩቲል» የሚባል ሌላ ትዕዛዝ አለ። በ2018 የወጡት የዴቮሎ ማጂክ ዓይነቶች ደግሞ ጂ ዶት ኤችኤን በሚባለው ሌላ ደረጃ የሚሠሩ ናቸውና ከሆምፕለግ ጋር ጨርሶ አይግባቡም፤ ሁለቱን ቀላቅለው አይግዙ። «ፋይፋ» የሚባል የቆየ አማራጭም አለ። ምናሌ አውጥቶ የጥያቄውን ቁጥር እንዲያስገቡ ያደርጋል፤ የኔትወርኩን ሁኔታ ለማየት ኤ038 ይባላል። ይሠራል፣ ግን ቁጥር ማስታወስ ለማን ይመቻል? ከፒኤልሲስታት ጋር ሲወዳደር የምመርጥበት ምክንያት አላገኘሁም።

ሁለቱ አቅጣጫዎች ለምን ይለያያሉ

ይህን ለብቻው ያነሣሁት፣ ከመለካት ወደ መጠገን የሚያሻግረው እሱ ስለሆነ ነው። ሠንጠረዡ ላይ መላኪያው ለምሳሌ 180፣ መቀበያው 40 ቢል ስሕተት አይደለም። ጩኸት የሚጎዳው በቅርቡ ያለውን አድማጭ ነው። ገበያ መሐል ቆሞ በስልክ የሚያወራ ሰው ወዲያ ማዶ ያለው ይሰማዋል፣ እሱ ግን አይሰማም፤ ልክ እንደዚያ። ስለዚህ ፍጥነቱ የወረደበት አቅጣጫ ወዴት እንደሚያመራ ይዩ፤ ረብሻው ያለው በሚቀበለው አዳፕተር አጠገብ ነው።

አንድ ፔንሲዮን ውስጥ የጓሮው ካሜራ ምስል ማታ ማታ ብቻ ይቆራረጥ ነበር። ባለቤቱ ጥፋቱን በምጣዱ ላይ ነበር የጣሉት፤ ማታ እንጀራ ይጋገራል፣ ምጣዱ ደግሞ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳል፣ መጠርጠራቸው አያስገርምም። ሠንጠረዡ ግን ሌላ አለ። ከእንግዳ መቀበያው ወደ ጓሮ የሚሄደው ፍጥነት ደኅና ነበር፤ የወረደው ከጓሮ ወደ እንግዳ መቀበያው የሚመጣው ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ ደግሞ ማታ ሲሆን እንግዶች ስልካቸውን ቻርጅ ያስደርጋሉ፤ አዳፕተሩ የተሰካበት ማከፋፈያ ላይ አምስት ስድስት ርካሽ ቻርጀር ተደርድሯል። ምጣድ ብዙ ይበላል እንጂ ብዙ አይጮኽም፤ ሽቦው እየጋለ ሙቀት መስጠት ነው ሥራው። ትንሿ ቻርጀር ግን ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በብዙ ሺህ ጊዜ እየቆራረጠች ነው የምትሠራው፤ ማጣሪያዋ ከተቆጠበበት ጩኸቷ ሽቦው ላይ ይቀራል። አዳፕተሩን ከማከፋፈያው አውጥተን ግድግዳው ሶኬት ላይ በቀጥታ ሰካነው፤ ካሜራውም ዳነ። ማከፋፈያና ስታቢላይዘር ራሳቸውም የአዳፕተሩን ምልክት ሊያጣሩ ስለሚችሉ አዳፕተር ሁልጊዜ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ይሁን።

ሁለቱም አቅጣጫ እኩል ደካማ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባለሦስት ፌዝ መስመር ባለበት ሕንፃ ክፍሎቹ በተለያየ ፌዝ ላይ ተከፋፍለው ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ምልክቱ ከአንዱ ፌዝ ወደ ሌላው የሚሻገረው ሽቦዎቹ ጎን ለጎን በሚሄዱበት ቦታ እየሾለከ ስለሆነ ብዙ ይዳከማል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪሺያን ነው፣ ተርሚናል አይደለም።

ፋይሉ የሚያየውን መለካት

አሁን ወደ ሁለተኛው ፍጥነት። ለዚህ በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል መረጃ ልኮ ፍጥነቱን የሚለካው «አይፐርፍ3» ተወዳዳሪ የለውም ብዬ ብናገር አላጋነንኩም። ሁለት ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ አንዱ ከራውተሩ ጋር በኬብል፣ ሌላው ከኋላው አዳፕተር ጋር በኬብል። በአንዱ ላይ «አይፐርፍ3 -ኤስ» ይጻፋል፣ እሱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በሌላው ላይ «አይፐርፍ3 -ሲ» ተብሎ የመጀመሪያው አይፒ አድራሻ ይከተላል። ካልነገሩት ለ10 ሰከንድ ብቻ ይልካል፤ ለፓወርላይን ይህ አይበቃም፤ «-ቲ 60» ብለው አንድ ደቂቃ ይስጡት። በየሰከንዱ የሚወጣውን መስመር ይመልከቱ። አማካዩ 60 ሜጋቢት ሆኖ ሰከንዶቹ አንዴ 85 አንዴ 12 የሚሉ ከሆነ፣ ችግሩን አማካዩ ደብቆታል ማለት ነው።

ከዚያ ትዕዛዙን ሳይቀይሩ «-አር» ይጨምሩ፤ ይህች ናት ትልቅ ፊደል የምትሆነው። አቅጣጫውን ትገለብጣለች፤ ኮምፒውተሮቹን ቦታ ሳያለዋውጡ ከፒኤልሲስታት ሁለት ቁጥሮች ጋር የሚነጻጸሩ ሁለት ቁጥሮች ያገኛሉ። መረጃው ከግቢው ስለማይወጣ ከኢንተርኔት ጥቅልዎ አንድ ሳንቲም አይነካም፤ መስመር በተቋረጠ ቀንም ይሠራል።

ጉድለቱ ሁለት ሰው፣ ወይም አንድ ሰውና ብዙ ምልልስ መጠየቁ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ «ተርመክስ» የሚባለውን የተርሚናል መተግበሪያ ጭኖ አይፐርፍ3ን ማስኬድ ይቻላል፤ ግን ስልኩ በዋይፋይ ስለሆነ የሚለካው ሽቦውንና ዋይፋዩን ደባልቆ ነው። ቢያንስ አንዱ ጫፍ ደካማ የሆነበትን ልኬት ለውሳኔ አልጠቀምበትም።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። ካርቶናቸው ላይ 500 ወይም 600 የተጻፈባቸው ብዙ ርካሽ አዳፕተሮች የኬብል መሰኪያቸው 100 ሜጋቢት ብቻ ነው፤ የቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ፒኤ4010 አንዱ ነው። ይህን ለማረጋገጥ «ኢትቱል» ብለው የኔትወርኩን በር ስም ይጻፉ፤ ፍጥነት ከሚለው ቃል አጠገብ 100 ወይም 1000 ያያሉ። አይፐርፍ3 94 አካባቢ ቆሞ አልንቀሳቀስ ካለ፣ የጠበበው ይኸው መሰኪያ ነው፤ ሽቦው ከዚያ በላይ ሊችል ይችላል። መሰኪያው የጊጋቢት ሆኖም ኢትቱል 100 ካለ ኬብሉን ይቀይሩ፤ ጊጋቢት ስምንቱንም የኬብሉ ክሮች ይፈልጋል፣ አንዱ ከተበጠሰ ወደ 100 ይወርዳል።

አይፐርፍ3ን መጫን በማይቻልበት ኮምፒውተር ላይ መረጃ የሚገለብጠውን «ዲዲ»ን በኔትወርክ ከሚልከው «ኤንሲ» ጋር አገናኝቶ ባዶ መረጃ መላክ ይቻላል። ዲዲ ሲጨርስ ፍጥነቱን በሜጋባይት ይናገራል፤ በ8 ያባዙት። በ«ኤስሲፒ» ፋይል ገልብጦ መለካት ግን አልመክርም፤ ምስጠራው ደካማ ኮምፒውተርን ያደክማል፣ ዲስኩም የራሱ ፍጥነት አለው፣ በመጨረሻ የለኩት ምን እንደሆነ አይታወቅም።

ፍጥነት ሳይሆን መቆራረጥ ከሆነ ቅሬታው

የቪዲዮ ስብሰባ የሚያደርግ ሰው ብዙ ሜጋቢት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ያልተቋረጠ ፍሰት ነው። ለእሱ ተራው «ፒንግ» ከሁሉም ይበልጣል። ራውተሩን በየ0.2 ሰከንዱ 300 ጊዜ እንዲጠራው ያድርጉ፤ «-አይ 0.2» እና «-ሲ 300» ነው የሚባለው። ጤነኛ የአዳፕተር ጥንድ ጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ከሚወጡት ቁጥሮች ከአማካዩ ይልቅ ትልቁንና የጠፉትን መቶኛ ይዩ። አማካዩ 4 ሆኖ ትልቁ 600 ከሆነ የሰውየው ድምፅ የሚቆራረጠው በዚያ ቅጽበት ነው።

በተለይ አዳማ ውስጥ፣ በበጋው ሙቀት ቬንትሌተሩ ቀኑን ሙሉ በሚዞርበት፣ ጠዋት የተለካ ነገር ለማታ ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ አንድ ትንሽ ዙር ጽፌ ላፕቶፑን እተወዋለሁ፤ በየአምስት ደቂቃው ሰዓቱን ያትማል፣ አጭር ፒንግ ይልካል፣ ፒኤልሲስታትን ይጠራል፣ ሁሉንም አንድ ፋይል ላይ ይደረድራል። ፒንጉ ቀድሞ ስለሚሄድ አዳፕተሮቹም አያንቀላፉም። በማግስቱ ፋይሉን ሳነብ ፍሪጁ የሚነሣበት ሰዓት ሳይቀር ይታየኛል። መብራት ሄዶ የመጣበት ሰዓት ካለ፣ ከተመለሰ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ከቁጥር አላስገባም፤ አዳፕተሮቹ ገና እየተፈላለጉ ነው።

እንግዲህ ምርጫው እንደ ጥያቄው ነው። የትኛው ሶኬት ይሻላል የሚል ሰው ፒኤልሲስታትን ይያዝ። ዕቃውን ልግዛው፣ ልመልሰው የሚል አይፐርፍ3ን በሁለቱም አቅጣጫ ያስኪድ፤ ከሻጭ ጋር ለመነጋገርም የሚያሳምነው ይህ ቁጥር ነው። ድምፅ ተቆራረጠብኝ የሚል ፒንግን። አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ፒኤልሲስታትን እመርጣለሁ፤ ፈጣን ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ሌሎቹ የማያሳዩትን አንድ ነገር ስለሚያሳይ ነው።

እሱም የማያውቁት አድራሻ ነው። የሆምፕለግ ኤቪ አዳፕተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ አብዛኞቹ አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ይዘው ነው፤ ቃሉም ራሱ «ሆምፕለግኤቪ» የሚለው ስም ነው። ምልክቱ ደግሞ ቆጣሪ ላይ ሁልጊዜ አይቆምም። አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ተከራይ ካለ፣ ወይም የጎረቤት መስመር ቅርብ ከሆነ፣ ሁለት አዳፕተር የገዛ ሰው ሠንጠረዡ ላይ ሦስት መስመር ሊያይ ይችላል፤ ሦስተኛው የጎረቤት ነው። ያኔ ፍጥነትዎን ከእሱ ጋር እየተካፈሉ ብቻ ሳይሆን ኔትወርክዎንም እያጋሩ ነው። አዳፕተሩ ላይ ያለውን የማጣመሪያ ቁልፍ በአንዱ ላይ፣ ከዚያ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በሌላው ላይ ይጫኑ፤ አዲስ የይለፍ ቃል ይስማማሉ። ፒኤልሲስታትን እንደገና ይጥሩትና ሁለት መስመር ብቻ መቅረቱን ይዩ፤ አይፐርፍ3ን የምጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።